በንጉሡ አንገት ላይ ያለው መስመር

አንድ ባለጸጋ ነበረ። ሌሎች ባለጸጎች ወርቅና መሬት ሲሰበስቡ እሱ የሚሰበስበው ድንጋይ ነበር።

መምህር ይትባረክ ታሪኩን በዚህ የጀመሩት፣ ድሮ ያስተማሯት የዝና የምትባል ልጅ ለጠየቀቻቸው ጥያቄ መልስ እንዲሆናት ነው። የዝና ልታገባ ቀን ተቆርጦላታል። ከአንዲት ታላቅ እህቷ ጋር ግን እናታቸው ካረፉ ወዲህ አይነጋገሩም። በተዝካሩ ዕለት «አንቺ ነሽ ያላስታመምሻት»፣ «አንቺ ነሽ የሸሸሽው» ተባብለው፣ ክፉ ክፉ ቃል ተወራውረው ነበር የተለያዩት። የወደፊት አማቾቿ ስለ ዘመድ ወገኗ ሲጠይቋት የዝና «ለእናቴ አንድ ነኝ» ብላ መለሰች። አሁን እህቷ በየሰው ቤት ስለ እሷ ስትጠይቅ ቆይታ የሠርጉን ወሬ ሰምታ «ልምጣ ወይ?» ብላ ሰው ልካባታለች።

«መምህር» አለች የዝና፣ ዓይኗን ከጉልበቷ ሳታነሣ፤ «አንድ ጊዜ የለችም ያልኳትን እህት አሁን እንዴት ብዬ ነው አለች የምለው? ብልስ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይገጥማል?»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉ። «አንድ ባለጸጋ ነበረ» ያሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ባለጸጋ የሚኖረው ታላቁ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት፣ በአንድ የግብፅ ወደብ ከተማ ነበር። በጥጥ ንግድ የከበረ ሰው ነው። ቤቱ ሲገባ በግራም በቀኝም የጥንት ነገሥታት ድንጋይ ነው፤ እዚህ አንድ እጅ፣ እዚያ ጫማ ያደረገ እግር፣ ከዚያ ወዲያ ጆሮ የሌለው አንበሳ። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን አንድ የንጉሥ ራስ ነበር።

ራሱ ከጥቁር ድንጋይ የተቀረጸ ነው። ጥቁርነቱ የከሰል ሳይሆን የጥልቅ ውኃ ዓይነት ነው። የጥንቱ ቀራጭ ጉንጩን ከማለስለሱ የተነሣ በመስኮት የገባ ብርሃን እዚያ ላይ ያርፋል። በግንባሩ ላይ አንዲት እባብ አንገቷን አቅንታ ትጠብቀዋለች፤ የግብፅ ነገሥታት ምልክት ናት። ከአናቱ እስከ አንገቱ የሚወርድ ሽንትርትር ያለበት የራስ ልብስ አድርጓል። ከቀኝ ጆሮው ሥር ደግሞ አንድ ሮዝ ጅማት በድንጋዩ ውስጥ ተፈጥሮ ወደ አንገቱ ይወርዳል። ባለጸጋው ጠዋት ጠዋት ጓሮ ወጥቶ ከቧንቧው እጁን ይታጠብና፣ ገብቶ ይህን ጅማት በጣቱ ይከተለዋል። ጅማቱ አንገቱ ድረስ ይወርድና ድንጋዩ የተሰበረበት ላይ ሲደርስ ያልቃል። ወዴት ይሄድ እንደ ነበረ ባለጸጋው ሁልጊዜ ያስበዋል።

ያስቸገረው ይህ ስብራት ነበር። ንጉሡ በዘመኑ ሙሉ ነበረ፤ በዙፋኑ ተቀምጦ፣ እጆቹን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ነው የተቀረጸው። መቼና ማን እንደ ጣለው አይታወቅም። ሲወድቅ ግን አንገቱ ተቀነጠሰ። ስብራቱ ተራራና ሸለቆ ነው፤ በአንድ ወገን ጎድጉዷል፣ በሌላ ወገን እንደ ምላስ ወጥቷል። ስለዚህ ራሱ አይቆምም። አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ ጋደም ብሎ ነበር የሚኖረው።

እንግዶች በመጡ ቁጥር ይስቁበታል። የባሰው ደግሞ ጎረቤቱ የትንባሆ ነጋዴ ነው።

«ንጉሥህ ዛሬም አልተነሣም?» ይላል ገና ከበሩ።

«ተቀመጥ ባክህ።»

«ንጉሥ ሳያስቀምጠኝ እንዴት እቀመጣለሁ? ታሞ ነው ወይስ ሲጠጣ አድሮ? ትራሱን ውሰድበት፣ ያን ጊዜ ይነሣል።»

ባለጸጋው አብሮ ይስቃል። እንግዶቹ ሲሄዱ ግን ያፍራል። በቤቱ የተሰበረ ነገር መኖሩ አላሳፈረውም፤ እጁም እግሩም አንበሳውም ስብርባሪ ነው። ያሳፈረው ንጉሡ ስብራቱን አለመደበቁ ነው። የመጣ ሰው ሁሉ «ይህ የጎደለው ነገር አለ» ይላል፤ ባለጸጋው ደግሞ የጎደለ ነገር ባለቤት መባል አልወደደም።

አንድ ቀን ድንጋይ ጠራቢ አስጠራ። ጠራቢው ሥራውን የሚወድ፣ ደስተኛ ሰው ነበር። ራሱን ገልብጦ አየና «ይህማ ምን አላት» አለ። «ከሥሩ ያለውን ጉርብጥብጥ በመጋዝ አነሣልዎታለሁ። እንደ ገበታ ይስተካከላል፤ ቀጥ ብሎም ይቆማል።»

የባለጸጋው ሚስት በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አንገቱ ምን አደረገህ?» አለችው ባሏን።

«አይቆምማ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ተጋድሞ ኖሮ፣ የትንባሆ ነጋዴ ሳቀ ተብሎ ነው ቁም የሚባለው?»

«አንቺ ደግሞ» አለና ለጠራቢው በእጁ ምልክት ሰጠ።

መጋዙ ውኃና አሸዋ እየጠጣ ጓሮ ውስጥ ሲጮህ ዋለ። ሥራው ሲያልቅ ጠራቢው በተገለበጠው ራስ ላይ፣ ልክ የንጉሡ አንገት ላይ፣ ውኃ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጠ። «ይኸው ጌታዬ፣ ጠብታ አልፈሰሰም» አለ። እውነቱን ነበር። ከሥር የወጣውን ቁራጭ አንሥቶ «ይህንንስ ምን ላድርገው?» ብሎ ጠየቀ። ቁራጩ በአንድ ወገኑ በመጋዝ የለሰለሰ፣ በሌላው ወገን ተራራና ሸለቆው እንዳለ ያለ ድንጋይ ነው።

«ከዓይኔ አርቅልኝ» አለ ባለጸጋው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ንጉሡ በእብነ በረድ መቆሚያ ላይ ቆመ። የትንባሆ ነጋዴው መጥቶ ዙሪያውን ቢዞር የሚለው አጣ። ባለጸጋው ለጠየቀው ሁሉ «ድሮውንም ራሱን ብቻ ነው የቀረጹት» ይል ጀመር። ሲደጋግመው ለራሱም እውነት መሰለው። አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለዋል። ንጉሡ ከቆመ ወዲህ የሚያየው ወለሉን ነው። ሰው መጥቶ ፊቱ ሲቆም ዓይኑን አያነሣም። ባለጸጋው ይህንንም የነገሥታት ትሕትና ነው ብሎ ተረጎመው።

ዓመታት አለፉ። አንድ ረፋድ ላይ ከላይኛው ግብፅ ወንዙን ተከትሎ የወረደ እንግዳ መጣ። ቀጭንና ረጅም ሰው ነው፤ በትከሻው የእንጨት ሣጥን ተሸክሟል። በዚያ አገር ያለ የአንድ ትንሽ ሙዚየም ሹም ነኝ አለ።

«እኔ በምጠብቀው ሙዚየም ውስጥ» አለ፣ «ራስ የሌለው ንጉሥ በዙፋኑ ተቀምጧል።»

ሣጥኑን ከፈተው። በጥጥ የተጠቀለለ ነጭ ጀሶ ወጣ። የዚያ ራስ የሌለው ሐውልት አንገት፣ የተሰበረበት እንዳለ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳይቀር በጀሶ የተቀዳ ነው።

«ይህን ተሸክሜ ያልዞርኩበት ቤት የለም» አለ። «እገሌ ቤት የንጉሥ ራስ አለ ካሉኝ እሄዳለሁ፤ ጀሶውን አንገቱ ሥር አድርጌ እሞክረዋለሁ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ለልጁ ሚስት ይፈልጋል። እኔ ለንጉሥ ራስ እፈልጋለሁ።»

ባለጸጋው ሳቀና ሰውየውን ወደደው። ወደ ውስጥ አስገባው። ሹሙ ያን ጥቁር ራስ ሲያይ ወሬውን አቋረጠ። የራስ ልብሱን ስፋት ለካ። ከዚያ ከቀኝ ጆሮው ሥር የሚወርደውን ሮዝ ጅማት፣ ልክ ባለጸጋው ጠዋት ጠዋት እንደሚያደርገው፣ በጣቱ ተከተለው።

«የኛ ንጉሥ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ቀኝ ትከሻው ላይ ሮዝ ጅማት አለው። ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ክንዱ ይወርዳል። ከየት እንደ መጣ ስናስብ ነው የኖርነው።»

ባለጸጋው ያ ጅማት ወዴት እንደሚሄድ ስንት ጠዋት አስቦታል።

«እንግዲህ ይገጥም እንደ ሆነ እንይ» አለ ሹሙ። «ራሱን ይገልብጡልኝ። ከገጠመ፣ የኛ ዙፋን ስለማይነቀል ራሱ ነው ወደ ገላው የሚሄደው። ይህን አስቀድሜ ልንገርዎት።»

አሽከሮች መጥተው ራሱን ገለበጡት። ሹሙ እጁን ሰድዶ እንደ ገበታ የተስተካከለውን ድንጋይ ዳበሰ። አንድ ጊዜ ዳብሶ ሳያምን ደግሞ ዳበሰው።

«ይህን ማን ቆረጠው?»

ባለጸጋው አሽከሮቹን አየ። የንጉሡን ጉንጭ አየ። «እኔ ነኝ» ቢል በአሽከሮቹ ፊት ውርደት ነው። ውርደቱ ብቻም አይደለም፤ ቁራጩ ምናልባት ቢገኝና ቢገጥም ራሱ ከቤቱ ይወጣል።

«እንዲህ ሆኖ ነው የመጣልኝ» አለ።

ሹሙ ራሱን ነቀነቀ። አልተጠራጠረውም፤ ወይም ተጠራጥሮ አላሳየም።

«እንግዲያው አይሆንም» አለ። «ንጉሥ አንድ ሐውልት ብቻ አያሠራም ጌታዬ። ከአንድ ተራራ በወጣ ድንጋይ፣ በአንድ ልክ፣ ብዙ ነው የሚያሠራው። ልኩ ሊመሳሰል ይችላል፤ ጅማቱም ሊመሳሰል ይችላል። የማይመሳሰለው ስብራት ነው። ሁለት ድንጋይ አንድ ዓይነት ተሰብሮ አያውቅም። እኔ ደግሞ ይመስላል ተብሎ ብቻ በንጉሥ አንገት ላይ ራስ አልተክልም።»

ጀሶውን በጥጥ ይጠቀልል ጀመር። አጠቃለሉ ብዙ ቤት ከፍቶ ብዙ ቤት የዘጋ ሰው አጠቃለል ነው፤ እጁን እንኳ አያይም።

ባለጸጋው መጀመሪያ የመጣለት ደስታ ነበር፤ ራሱ ቀረለት። ደስታው ግን እስከ ጓዳው በር ድረስ እንኳ አልተከተለውም። ሚስቱ እዚያ ቆማ ነበር።

«አንተ ሰው፣ ምን አልከው?»

«እንዲህ ሆኖ መጣልኝ አልኩት።»

«እንግዲያ ያን ቀን ጓሮ ሲጮህ የዋለው መጋዝ በሕልሜ ነው?»

«ታዲያ ምን ልበለው? ቁራጩ ጠፍቷል። አሁን ብናገር ትርፉ ውርደት ነው።»

«ማን ጠፋ አለህ?» አለች። «ጠራቢው መች ጥሩ ድንጋይ ይጥላል። ከቧንቧው ሥር ጭቃው እንዳያዳልጥህ፣ ለስላሳውን ወደ ላይ አድርጎ አነጠፈው። ጠዋት ጠዋት እሱ ላይ ቆመህ አይደለም እንዴ እጅህን የምትታጠበው?»

ባለጸጋው ንጉሡን ለመንካት እጁን የሚታጠበው በንጉሡ አንገት ላይ ቆሞ ኖሯል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ውሸቱ አንድ ጥግ ነበረው፦ ቁራጩ የለም፣ ስለዚህ እውነቱ ለማንም አይጠቅምም። አሁን ያ ጥግ ፈረሰ። በመስኮት ሲያይ ሹሙ ግቢው ውስጥ ሣጥኑን ወደ ትከሻው እያነሣ ነው። ያ ሰው አሁን ከወጣ፣ ራሱና ገላው ለዘለዓለም ሳይተዋወቁ ይቀራሉ፤ ሌላ ጠያቂም አይመጣም።

ኮቱን አውልቆ ወደ ጓሮ ወጣ። ዶማ አንሥቶ በቧንቧው ሥር ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ለአሽከር መንገር ይችል ነበር፤ አልተናገረም። ራሱ ቆፈረ።

የትንባሆ ነጋዴው በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «ወዳጄ፣ ወርቅ ቀብረህ ነበር እንዴ?»

«አይደለም። የንጉሥ አንገት ነው የቀበርኩት።»

ነጋዴው ሊስቅ አፉን ከፈተ። የጎረቤቱን ፊት ሲያይ መልሶ ዘጋው። ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ አጥሩን ተሻገረና ድንጋዩን በአንድ ወገን ይዞ አብሮት አነሣ።

ሹሙን ከውጭው በር ላይ ደረሱበት። ባለጸጋው ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ነው።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሰው ሳቀብኝና አፍሬ አስቆረጥኩት። ቅድም ዋሽቼዎታለሁ። ቀሪው ይኸው።»

ሹሙ ሣጥኑን ከትከሻው አወረደ።

ቁራጩን በባልዲ ውኃ አጠቡት። ከላይ ብዙ እግር ያለፈበት ለስላሳ ድንጋይ ነው። ሲገለብጡት ግን መሬቱ ሲጠብቀው ኖሮ ተራራና ሸለቆው አንድም ሳይነካ ወጣ፤ ያ ምላስም እንዳለ ነው። ሹሙ ጀሶውን ከበሩ ጎን ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ አስቀመጠና ቁራጩን አወረደበት። አልያዘም። በጣቱ ጫፍ ትንሽ ወደ ቀኝ አዞረው። ያኔ ቁራጩ ራሱ መንገዱን ያወቀ ይመስል ገባና ተቀመጠ። ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አልነበረውም።

ራሱን ከቤት አውጥተው በቁራጩ ላይ ጫኑት። ባለጸጋው ፊት ለፊት ቆሞ ነበርና ያየው እሱ ነው። ንጉሡ ቀና አለ። ወለሉን ሲያይ የኖረው ለካ ትሕትና አልነበረም፤ አዘንብሎ የቆረጠው መጋዝ ነው ያጎነበሰው። በራሱ ስብራት ላይ ሲቀመጥ በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግሮ ሩቅ አየ።

ሹሙ ሊያመሰግን እጁን ዘረጋ። «እንግዲህ ሚስት አገኙለት» አለ ባለጸጋው፣ በጭቃ እጁ ትከሻውን እየመታ።

ራሱ በጀልባ ወደ ላይ ተወሰደ። ሮዙ ጅማት ከጆሮው ሥር ተነሥቶ፣ አንገቱን አልፎ፣ እስከ ክንዱ ወረደ። ድንጋዩ በጥንት ዘመን የተሰበረበት ጠፋ፤ ዐዋቂ እንኳ ካልነገሩት አያገኘውም። መጋዙ ያለፈበት ግን አልጠፋም። መጋዝ ድንጋይ ይበላል፤ የበላው ያን ቀን ዱቄት ሆኖ ከውኃው ጋር ፈስሷል። ክፍተቱን በግራጫ ጀሶ ሞሉት። እስከ ዛሬ በንጉሡ አንገት ዙሪያ እንደ ማተብ ክር ይታያል።

ባለጸጋው ሲያረጅ ወንዙን እየወጣ ሊያየው ይሄድ ነበር። ጥግ ላይ ወንበር ይሰጡታል። አንድ ቀን አንዲት ጎብኚ ወደ አንገቱ እያመለከተች «አባቴ፣ የተሰበረው እዚህ ጋ ነው?» አለችው።

«አይደለም ልጄ» አላት። «የተሰበረበትማ ገጥሟል። ይህ እኔ ያሳመርኩት ነው።»

መምህር ይትባረክ እዚህ ላይ መነጽራቸውን አጠለቁና ወደ የዝና ዞሩ።

«ይገጥማል ወይ ነበር ጥያቄሽ። ይገጥማል። አንቺና እህትሽ የተሰበራችሁት በአንዲት እናት ራስጌ ነው። አንቺ የጎደጎድሽበት ቦታ እሷ የወጣችበት ነው። በተዝካሩ ቀን የተባባላችሁትን ቃል አትፍሪው። መራራ ነው፤ ነገር ግን እናንተ ሁለታችሁ ካልሆናችሁ በቀር ለማንም አይገጥምም። እሷም ያን ቃል እንደ ጀሶው ተሸክማ ነው በየሰው ቤት ስለ አንቺ ስትጠይቅ የኖረችው። የሚያስቸግርሽ እሱ አይደለም። የሚያስቸግርሽ በአማቾችሽ ፊት ቀጥ ብለሽ ለመቆም ብለሽ የቆረጥሽው ነው። ‹ለእናቴ አንድ ነኝ› ስትይ መጋዙን ያነሣሽው አንቺ ነሽ።»

የዝና ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም።

«ስለዚህ መጀመሪያ የምትሄጂው ወደ እህትሽ አይደለም» አሉ መምህሩ። «ወደ አማቾችሽ ነው። ‹እህት አለችኝ፤ የለችም ያልኩት እኔ ነኝ› ትያቸዋለሽ። ሌላ ሰው አትላኪ፤ ባለጸጋው አሽከር አልላከም። ቁራጩን ካወጣሽ በኋላ ወደ እህትሽ ሂጂ፤ የቀረውን ስብራቱ ራሱ ያውቀዋል።»

«መስመሩ ግን ይቀራል» አለች የዝና።

«ይቀራል። በሠርግሽ ቀን አንድ ሁለት ሰው ‹እህት የላትም አልተባለም እንዴ?› ብሎ ይንሾካሾካል። ይንሾካሾክ። ያ ንጉሥ መስመሩ ሳይኖርበት ወለሉን ሲያይ ነበር የሚኖረው፤ አሁን መስመሩን ይዞ ፊት ለፊት ያያል። በይ ተነሽ የዝና። እህትሽ ልምጣ ወይ ብላ ከጠየቀችሽ ቆይታለች።»